የኮስትር ገመድ

ቄስ መርስዔ ኃዘን ደም ማየት አይወዱም ነበር። እንዲያው ለወጉ አይደለም፤ የፋሲካ በግ ሲታረድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚቆሙ፣ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ጓሮ ሄደው የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ቅስና ከተቀበሉ ጀምሮ በጉን የሚያርድላቸው ጎረቤታቸው ፈንታ ነው። ፈንታ ቢላዋውን እየሳለ «አባታችን፣ ሲበላ ግን ፊትዎን አያዞሩም!» ብሎ ይነካካቸዋል። እሳቸውም ይስቁና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩታል። «ይህ እጅ ሥጋ ወደሙ የሚነካ እጅ ነው፤ ሌላ ደም አይነካም» ይላሉ። ሥርዓቱ ይህን ያህል ያጥብቅ አያጥብቅ የጠየቃቸው የለም። የጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት ሰው በቄሱ እጅ ንጽሕና ይኮራ ነበር፤ ከሌላ ደብር ሰው ጋር ሲፎካከርም ወሬውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደግ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ያስረሳልና።

ቤታቸው ከመንደሩ ሁሉ በላይ፣ ጓሳ ከሚባለው የደጋ ሣር ሜዳ ሥር ነው። ከእሳቸው አጥር ወዲያ የሚታረስ መሬት የለም፤ ያለው ሣሩ፣ የአስታ ዛፉ፣ ረጅሙ ጅብራና ነፋሱ ነው። መንዜ ይህን ሜዳ ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ እየዘጋና እየከፈተ ኖሮበታል። ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፣ ለገመድ ይገመዳል፤ እስኪደርስ ድረስ ግን የማንም በግ አይገባበትም። የሚጠብቁትም ከየሰፈሩ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ፣ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ማለት ነው፣ ከጠባቂዎቹ አንዷ የቄሱ የመጨረሻ ልጅ ገሊላ ነበረች።

ገሊላ አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ጓደኞቿ ደብረ ብርሃን ሲወርዱ እሷ የቀረችው ለቀይ ቀበሮ ብላ ነው እያሉ ያሙአት ነበር። ሐሜቱ እውነት ነው። ሥራ የጀመረች ሰሞን ስለ ቀበሮዎቹ ሲያስተምሯት ውላ ማታ እራት ላይ እንጀራውን በእጇ እንደ ያዘች ቀረች። «አባዬ፣ ከእኛ አገር ደጋ በቀር የትም የሉም አሉ» አለቻቸው። «ድሮ ተራራው ሁሉ አገራቸው ነበር። መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ እየተቆራረጡ በየተራራው ላይ ቀሩ። አሁን እዚህ ያሉት ቢያልቁ ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካቸው የለም። በመካከል ያለው ሁሉ የገብስ ማሳ ነው፤ እንዴት ብሎ ይሻገራል?» ቄሱ ይህን ከዚያ በፊት አስበውት አያውቁም። ቀበሮ እንደ ቁራ፣ እንደ ጅብ፣ የትም የሚገኝ ፍጥረት ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወሬ ቀበሮ ሆነ። በተለይ ጅብራ ሜዳ ላይ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነበር፤ እናቲቱን ገሊላ «እሜቴ» ብላ ስም አውጥታላታለች። ስትራመድ ቀስ ብላ፣ ቀና ብላ ነው፤ አይጥ ስትይዝ እንኳ የምትቸኩል አትመስልም። የእሜቴን ውሎ ገሊላ ስትተርክ እናቷ አመተሥላሴ «አሁንስ ክርስትና አንሺያትና ይለይልን» እያለች ትስቃለች። ቄሱ ግን ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ። አንዳንዴ ገሊላ ዝም ያለች እንደሆነ «እሜቴስ ምን ሆነች ዛሬ?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

የዚህ ሁሉ መከራ መነሻ ግን ውሻ ነው።

ኮስትር ይባላል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ፊቱ እንደ ስሙ የማይፈታ ውሻ። ቄሱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከኋላቸው ይከተላል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጪ ጥዱ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሲወጡ ጭራውን አንዴ ብቻ ይወዘውዝና ፊት ፊታቸው ይሄዳል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ለሰው የማይነግሩትን ለኮስትር ይነግሩት ነበር ብትሉ ማጋነን አይሆንም።

የዚያን ዓመት በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዕለት ውሻ የሚከትቡ ሰዎች መጡ። የመንደሩ ውሻ ካበደ ቀበሮውም ያብዳል፤ ስለዚህ ውሻውን መውጋት ቀበሮውን ማዳን ነው፤ ገሊላ ይህን በየቤቱ እየዞረች ስትለፍፍ ሰንብታ ነበር። ሆኖም ቀኑን የቆረጠው ሰው የበዓል ቀን መሆኑን አላየም። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን አቁመው «የመድኃኔ ዓለም ዕለት ውሻ እየጎተታችሁ እንዳትዞሩ፤ ነገም ቀን ነው» አሉ። ሰው ደስ አለው፤ መርፌ የተወጋ ውሻ ይለግማል የሚል ወሬ ነበረና ቀድሞም ሰበብ ይፈልግ ነበር። ከታቢዎቹ ጥቂት ውሻ ወግተው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ ቀጠሮ ያላቸው ሌላ ቀበሌ ስለነበር ሄዱ። ነገ ሲሆን ማንም አልነበረም። ገሊላ አባቷን ሁለት ቀን አኮረፈቻቸው፤ በሦስተኛው ረሳችው።

የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ኮስትር ወደ ቤተ ክርስቲያን መከተሉን ተወ። ምግቡን ትቶ የደጁን መቃን ያኝክ ጀመር። ድምፁ ሻከረ። ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይታነቅና ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አመተሥላሴ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«አንቱ፣ ይህ ውሻ አብዷል። ፈንታን ይጥሩት።»

ፈንታን መጥራት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ዱላ፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

«በጾም፣ በደጄ፣ ደም አይፈስም» አሉ ቄሱ።

«ታዲያ እስኪነክሰን እንጠብቅ?»

«እኔ እወስደዋለሁ» አሉ። ወዴት እንደሚወስዱት አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ገሊላ ቀደም ብላ ወደ ሥራዋ ወጥታ ነበር።

ግድግዳው ላይ ሁለት ነገር ተሰቅሏል፤ አንድ የብረት ሰንሰለት፣ አንድ እሳቸው ራሳቸው ከጓሳ ሣር የገመዱት ገመድ። ሰንሰለቱን አይተውታል። እጃቸው እስኪነካው ድረስ ቀርበውም ነበር። ግን ሰንሰለት የወንበዴ ነው፣ ኮስትር ደግሞ ምንም አልበደለም፤ እንዲህ ብለው አሰቡና ገመዱን አወረዱ። አይ ቄሱ! ያን ጊዜ ልባቸው የራራው ለማን ነበር?

ውሻው ዝም ብሎ ተከተላቸው፤ በሽታው ገና ቁጣው ላይ አልደረሰም ነበር። ከጅብራ ሜዳ ምዕራብ ወዳለው፣ ቀጭን ውኃ ወደሚባለው ሸለቆ ወሰዱት። አንድ የአስታ ግንድ ላይ አሰሩት። ዳቦ አስቀመጡለት፣ አልነካውም። «እግዚአብሔር የወደደውን ያድርግብህ» አሉት። ረኀብም ቢሆን፣ ጅብም ቢሆን፣ ከእሳቸው እጅ አይደለም። ሲመለሱ ኮስትር በዚያ በሻከረ ድምፁ ጮኸ። በጉ ሲታረድ እንደሚያደርጉት ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ «ተገላገለ» አሉ። ገሊላ ማታ ስትጠይቅ እናቷ «አርጅቶ ሞተ» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ፤ ነገሩ በዚህ ያለፈ መሰለ።

በሳምንቱ ግን ልባቸው አላስቀመጣቸውምና ብቻቸውን ወደ ቀጭን ውኃ ወጡ። ዳቦው እንደ ተቀመጠ ነው። ገመዱ ተበጥሷል፤ ጫፉ ታኝኮ ታኝኮ እንደ ቃጫ ተበትኗል። ደም የለም፣ አጥንት የለም፣ ውሻ የለም። ቄሱ እዚያ ቆመው ብዙ ነገር ሊያስቡ ይችሉ ነበር። ያሰቡት «ጅብ ወስዶት ይሆናል» የሚለውን ብቻ ነው። ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ገሊላ ሮጣ መጣች። ከእሜቴ ልጆች አንዱ፣ ወጣቱ ወንድ፣ በቀን ብርሃን በግ መሐል ገብቶ እየተንገዳገደ ሲዞር እረኞች አዩት፤ በግ ግን አልነካም፤ ወድቆ ሞተ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የእሜቴ ግልገሎች ካሉበት ጉድጓድ አጠገብ አንዲት ሴት ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ ሲያድን ለብቻው ይሁን እንጂ ኑሮው የቤተሰብ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይገናኛሉ፣ ይሻተታሉ፣ ይላላሳሉ። ፍቅራቸው ነው በሽታውን ከአንዱ አንዱ ያደረሰው።

የዱር እንስሳት ሐኪም መጣ፤ ዶክተር ይታየው ይባላል። ከሞቱት ናሙና ወስዶ ላከ፤ መልሱ በጥር መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ።

መንደሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው፤ የማን ውሻ? ኮስትር አርጅቶ ሞተ ስለ ተባለ የቄሱን ውሻ ያሰበ የለም።

ጠጄ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሠሪ እየሸጠች የምትኖር። የእሷም ውሻ በኅዳር ጠፍቶ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል፣ አስታ ጫፍ ወደሚባለው ገደል ሲወርድ ነው የታየው። ሰው ፊቷ ምንም አላላትም፤ ወንዝ ስትወርድ ግን ሴቶቹ ወሬ ማቆም ጀመሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጥዱ ሥር ጠብቃ አገኘቻቸው። ኮስትር ይተኛበት በነበረው ቦታ ላይ ተንበረከከች።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን አግኝቶሽ ነው ጠጄ?»

«ቀበሮዎቹን የፈጀሁ እኔ ነኝ። የክትባቱ ዕለት እርስዎ በበዓል ውሻ አይጎተትም ሲሉ ደስ አለኝ፤ ደብቄው ዋልኩ። ይኸው ጠፍቶ አብዶ ፈጃቸው። እንስሳ ናቸው ይሉኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የገሊላን ፊት ማየት አቃተኝ።»

«ያንቺ አይደለም» የሚለው ቃል ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። እዚያው ቀረ። ያንቺ አይደለም ካሉ የማን ነው ልትላቸው ነው። መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ ራሳቸው የሠሩትን ኃጢአት ከእሷ ላይ ፈቱ። ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጧት። ይህ አልበቃ ብሏቸው ምክር ጨመሩ፤ «ሰው ፊት የምትጠየቂ ቀን ቢመጣ እውነቱን ተናገሪ። እውነት ታሳርፍሻለች» አሏት።

ቀኑ ሩቅ አልነበረም። ዶክተር ይታየው ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰብስቦ ተናገረ። ለቀበሮዎቹ የሚሆን ክትባት ተገኝቷል፤ ግን ጥቂት ነው። የጅብራ ሜዳው የእሜቴ ቤተሰብ አንዴ ታሟል፣ አይድንም። ከእሱ ግራና ቀኝ ሌላ ሁለት ቤተሰብ አለ፤ አንዱ በምዕራብ ቀጭን ውኃ፣ አንዱ በምሥራቅ አስታ ጫፍ። መድኃኒቱ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው።

«ውሻው ያለፈበት ወገን እስካሁን ተነክቷል» አለ ሐኪሙ። «ለተነካ ቢሰጡት ከንቱ ነው። ላልተነካው ነው ማድረስ ያለብን። እባካችሁ፣ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ውሻው በየት በኩል እንደ ገባ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ገሊላ ከሐኪሙ አጠገብ ቆማ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታያለች። አባቷ ላይ ስትደርስ ዓይኗ አልቆየም፤ ምን ብላ ትቆያለች? ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ጨብጠዋል። አሁን ልናገር ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ጠጄ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ «የእኔ ውሻ ነው። በአስታ ጫፍ በኩል ነው የወረደው» አለች። ከሴቶቹ ወገን ጉርምርምታ ተሰማ። ፈንታ «ተዉአት! ቢያንስ ተናገረች» ብሎ ገሠጻቸው። ሐኪሙ አመሰገናት። እንግዲያው አስታ ጫፍ ተነክቷል፤ ክትባቱ ለቀጭን ውኃ ይሁን ተባለ።

ስብሰባውን በጸሎት የዘጉት ቄስ መርስዔ ኃዘን ናቸው። አባታችን ሆይን ሲያደርሱ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ድምፃቸው ተቆረጠና ሰው አብሯቸው ሞላው።

በማግሥቱ ገሊላ መድኃኒቱ ያለበትን የበረዶ ሣጥን በበቅሎ ጭና በደጃቸው አለፈች። ቄሱ ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረዋል፤ ልነግራት ነው፣ አሁን ነው።

«ገሊላ…»

«አባዬ፣ ቶሎ ይመርቁኝ። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለብን።»

ፊቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ ነበረ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ያላዩት። ያን ፊት ማጥፋት አቃታቸው። ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸው ኖሮ በኋላ ይናገሩት ነበር። ግንባሯን በመስቀል ባረኩና ወደ ተሳሳተው ሸለቆ ሸኟት።

ገሊላ ከሐኪሙ ጋር የቀጭን ውኃን ቀበሮዎች እየያዙ፣ በጨርቅ ዓይናቸውን እየሸፈኑ፣ ሁሉንም ወጉ። ደስ ብሏት ተመለሰች። ያን ዕለት እንደ ድሮዋ አወራች፤ አንዱ ሲያዝ ልቡ በመዳፏ ሥር እንዴት እንደ መታ፣ ሲለቁት እንዴት ዞር ብሎ እንዳያት። ቄሱ እንጀራቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

የቀጭን ውኃዎቹ መሞት የጀመሩት ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ነው። ክትባቱ ሲደርስ ቀድሞውን ታመው ነበርና ምን ያድርጋቸው? ከዚያ በኋላ ማንም ያልደረሰላቸው፣ ጤነኛ የነበሩት፣ አስታ ጫፍ ያሉት ከጅብራ ሜዳ በመጣው በሽታ ተይዘው አለቁ። በዚህ መሐል እሜቴ ሞተች። እሷ ሳትታመም ብዙ ቆይታ ነበር። ግልገሎቿ ጉድጓዱ ውስጥ ካለቁ በኋላ እንኳ አይጥ እየያዘች ታመጣና በጉድጓዱ አፍ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጥቂት ትጠብቃለች፤ ተመልሳ ትሄዳለች። ገሊላ ሬሳዋን ስታገኘው ካስቀመጠቻቸው አይጦች አጠገብ ተጋድማ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገሊላ መናገር ተወች። አመተሥላሴ ምጣዷን ጥላ ትለምናታለች፣ ቄሱ ይለምኗታል፣ ምንም። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ የበረዶ ሣጥኑን ታቅፋ ጓሮ ተቀምጣ አገኟት። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ወድቃብኝ ሣጥኑ ተከፍቶ ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ አልቀረም። ለዶክተሩ አልነገርኩትም። የተበላሸ መድኃኒት ነው የወጋናቸው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ቄሱ ጠጄ ላይ የጫኑት ሸክም ዞሮ ዞሮ ልጃቸው ትከሻ ላይ ማረፉን አዩ። ለጠጄ ዝም ለማለት የቻለ አፋቸው ለገሊላ አልቻለም። ከሁሉ የበለጠ የሚያሳፍራቸውም ይኸው ነው።

«አንቺ አይደለሽም» አሉ። «ጠጄም አይደለችም።»

ነገሯት። ዳቦውን፣ የአስታውን ግንድ፣ የተበጠሰውን ገመድ፣ ሁሉንም።

ገሊላ አልጮኸችም። ብድግ አለችና «ያሳዩኝ» አለች። አብረው ወጡ፤ እሷ ፊት ፊት፣ እሳቸው ከኋላ። ቀጭን ውኃ ሲደርሱ የገመዱ ቁራጭ ከአስታው ግንድ ላይ እንደ ታሰረ ነበር፤ ዝናብና ውርጭ አጥቁሮታል። ገሊላ ተንበርክካ የታኘከውን ጫፍ በጣቶቿ አፍታታችው።

«አባዬ፣ ቤታችን ሰንሰለት አልነበረም?»

«ነበር።»

«አይተውት ነበር?»

«አይቼው ነበር ልጄ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ቀኝ እጃቸው ወረደ፤ ጠዋት ጠዋት ስትስመው ወዳደገችው እጅ።

«ይህን እጅዎን ነው ከደም ያዳኑት?» አለች።

ገሊላ ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች፤ በዝናብ ጠብቆ እምቢ አላት። ትታው ተነሣች።

ስቅለት ደረሰ። ያን ዕለት ምእመኑ ሲሰግድ ይውላል፤ ወደ ማታ በየተራ እየቀረበ ኃጢአቱን ይናገራል፣ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ጠብጠብ እያደረገ የሚሰግደውን ስግደት ይነግረዋል። ጠጄ ተራዋ ደርሶ ቀረበች። ቀኖናዋን ሳታጎድል ስትሰግድ ከርማ ጉልበቷ አብጧል፤ ስትንበረከክ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ነው። ቄስ መርስዔ ኃዘን ወይራውን አነሡ፣ ግን አላሳረፉትም። በሕዝቡ ሁሉ ፊት ከጠጄ ፊት ለፊት ተንበረከኩ። የኮስትርን ነገር ተናገሩ፤ የመድኃኔ ዓለም ዕለቱን፣ ገመዱን፣ ያን ስብሰባ፣ ዝምታቸውን። ድምፃቸው ከቅጥሩ ውጪ ተሰማ። ወይራውን ወደ ጠጄ ዘረጉና «ምቺኝ» አሏት።

ጠጄ ወይራውን ተቀበለች። ቅጠሉን አየች፣ እሳቸውን አየች።

«አባቴ፣» አለች በቀስታ፣ «እኔ የሰገድኩት ስግደት እንግዲህ ለማን ይሁን?»

አልመታቻቸውም። ወይራውን ከጎናቸው አስቀምጣ፣ መሬቱን ተደግፋ ተነሣችና ወደ ሴቶቹ ወገን ሄደች።

ሕዝቡ ይቅር ለማለት አልዘገየም። «ሰው አልሞተ! ለቀበሮ ነው ይህ ሁሉ?» አለ ፈንታ፤ ሊያጽናናቸው ብሎ ነው። ሌሎቹም እንደዚያው አሉ፤ ትከሻቸውን ሳሙ፣ እጃቸውን ሳሙ። ይህ ይቅርታ ቄሱን ከጠጄ ጥያቄ የበለጠ አደቀቃቸው። ቀሎ የተሰጣቸው ለሕዝቡ የጠፋው ነገር ቀላል ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ብቻ ነው ያላጽናናቸው። «አስታ ጫፍን እናድን ነበር አባቴ» አለ፤ እጅ ነሥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ቄሱም ለዚህ እውነት በልባቸው አመሰገኑት።

በፋሲካ ፈንታ በጉን ሲያርድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አላዞሩም፤ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ወደ መቅደስም ከዚያ ወዲህ አልገቡም። የእጅ መስቀላቸውን አብሯቸው ይቀድስ ለነበረው ታናሽ ቄስ ሰጥተው ከምእመናን ጋር ውጪ ይቆማሉ።

ገሊላ ሥራዋን አልተወችም። የምትጠብቀው ሳይኖር በየጠዋቱ ጅብራ ሜዳ ትወጣለች። አባቷን አታኮርፍም፣ አትቆጣምም፤ ምግብ ታቀርባለች፣ ትታዘዛለች። እጃቸውን ግን አትስምም። በግንቦት አንድ ቀን «ልከተልሽ?» ብለው ጠየቋት። «ይምጡ» አለች።

እሜቴ ትኖርበት ከነበረው ጉድጓድ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወጥታለች። ሜዳው ሙሉ አይጥ ነው። ድሮ፣ ገሊላ ለአባቷ እንደ ነገረቻቸው፣ አይጦቹ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ሣር ነጥቀው፣ መልሰው ጉድጓድ ይገቡ ነበር፤ ሰማይ ላይ አሞራ፣ ምድር ላይ ቀበሮ ስለሚፈሩ። አሁን ከጉድጓዳቸው ርቀው ተበትነዋል። ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል፣ እየተሯሯጡ ይጫወታሉ።

«ይኸው አባዬ» አለች ገሊላ። «መጥፋት ሲታይ ይህን ይመስላል።»

ቄስ መርስዔ ኃዘን ቀኝ እጃቸውን ሣሩ ላይ አሳርፈው ነበር። አንዲት አይጥ መጥታ ጣታቸውን አሸተተች። እጃቸውን አነቃነቁ፤ አልሸሸችም። አጠገቡ ያለውን ሣር በጥርሷ ቆርጣ እዚያው ተቀምጣ መብላት ጀመረች።